የመኪና ዳስ በይፋት ቆላ

በሸዋ ሮቢት መኪናን ያለ ዕድሜው የሚያስረጀው ፀሐይ ነው። ዝናቡም አለ፤ ሐምሌና ነሐሴ ከደብረ ሲና ገደል በኩል ደመና ሲወርድ ነፋስና አቧራ ቀድመውት ይመጣሉ። ነገር ግን ቀለም የሚያነጣው፣ ዳሽቦርድ የሚሰነጥቀው፣ የባትሪ ውሃ የሚያደርቀው ሙቀት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱን ለወረደ ሰው ውርጭና በረዶ ከኋላው ይቀራሉ። ስለዚህ ለደጋ ክረምት የታሰበ፣ ዙሪያውን የተዘጋ የመኪና ድንኳን ገዝቶ ቆላ ላይ መትከል ገንዘብ ከፍሎ ሙቀት ማጠራቀም ነው።

ለቆላ መኪና የሚያስፈልገው ጣራ ብቻ ነው። የጥላ ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ በሙቀት በምትታወቀው የአሜሪካዋ አሪዞና ግዛት ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት፣ የአየሩ ሙቀት ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍባቸው ቀናት ለአንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆሙ መኪኖች ዳሽቦርድ በአማካይ 69 ዲግሪ ደርሷል፤ መሪው 53፣ ወንበሩ 51። ጥላ ሥር የቆሙት ዳሽቦርዳቸው 48፣ መሪያቸው 42፣ ወንበራቸው 41 ዲግሪ ነበር። የዳሽቦርዱን ሙቀት በ21 ዲግሪ የቀነሰው ጥላ ብቻ ነው።

ገበያ ላይ ቀድሞ የሚቀርበው ርካሽ ነገር የመኪና ልብስ ነው። ለይፋት አልመክረውም። የቆላው አቧራ ቀለሙ ላይ ተኝቶ እያለ ልብሱ ከላይ ሲደረብና ነፋስ ሲያርገበግበው፣ አሸዋውን ቀለሙ ላይ ሲያሻሸው ይውላል። አየር የማያስወጣ ናይለን ከሆነም ከዝናብ በኋላ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል። ዛፍ ሥር ማቆም በነጻ የሚገኝ ጥላ ነው፤ ሆኖም የወፍ ኩስ በጋለ ቀለም ላይ ሲደርቅ ምልክቱ አይለቅም፣ የግራር እሾህም ለጎማ አይራራም።

የሚሻለው ተነቃይ ዳስ ነው። ሥራው ለማንም እንግዳ አይደለም፤ የእድር ድንኳን ተክሎ የማያውቅ ጎረምሳ የለም። የመኪናው ዳስ የሚለየው ለወራት ቆሞ መክረሙ ነው። የለቅሶ ድንኳን ነፋስ ቢያዘነብለው ገመዱን የሚይዝ ሰው አጠገቡ አለ። የመኪናውን ዳስ ግን ሌሊት የሚጠብቀው የለም። ስለዚህ ገዢው ከሸራው ቀለም በፊት እግሩንና ካስማውን ይመልከት።

ለእግርና ለጣራው ማገር አርባ በአርባ ቱቦላሬ ጥሩ ነው። ማዕዘኖቹን በያጁ እንዲበይዳቸው ሳይሆን በቡሎን እንዲያስራቸው ይታዘዝ፤ ተከራይ ቤት ሲቀይር በመፍቻ ፈትቶ ይዞት ይሄዳል። አጠና ከብረት ይረክሳል፤ ግን ቆላ ላይ ምስጥ አለ። አጠና የሚመርጥ ሰው መሬት የሚገባውን ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ደጋግሞ ይቀባው።

ስለ ነፋሱ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ዳስ የሚፈርሰው በእሱ ነውና። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አንድ ካሬ ሜትር ሸራን በ6 ኪሎ ያህል ጉልበት ይገፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሆኖ 72 ሲደርስ ጉልበቱ አራት እጥፍ ያድግና 24 ኪሎ ይሆናል። ለአንድ የቤት መኪና የሚበቃው 3 በ6 ሜትር ጣራ 18 ካሬ ሜትር ነው፤ እንዲህ ያለው ነፋስ ከሥሩ ከገባ ከ400 ኪሎ በላይ በሆነ ጉልበት ወደ ላይ ሊያነሳው ይችላል። በየእግሩ አንድ ማዳበሪያ አሸዋ አስሮ መተኛት አያዋጣም። 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ወፍራም ፌሮ የላይኛውን ጫፍ ከዳሱ ወደ ውጭ አዘንብሎ መምታት፣ ገመዱን ከእሱ ጋር መወጠር፣ አሸዋውን ደግሞ በተጨማሪነት ማሰር ይሻላል። ግቢው መረሬ አፈር ከሆነ ክረምት ሲረጥብ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ካስማው በሁለቱም ጊዜ ስለሚላላ በየሳምንቱ ይፈተሽ።

ከሸዋ ሮቢት በስተ ምሥራቅ የሚኖሩት አፋሮች ይህን ችግር ከመኪና በፊት ፈትተውታል። ሴቶቹ የጎበጡ እንጨቶችን አገናኝተው በሰሌን የሚያለብሱት፣ ሲንቀሳቀሱም ነቅለው በግመል የሚጭኑት ቤት ዝቅ ያለና ክብ ነው፤ ነፋሱ የሚይዘው ማዕዘን አያገኝበትም፣ በሰሌኑ መሐልም አየር ይተላለፋል። የመኪና ዳስ ሠሪ ከዚህ ሁለት ነገር ይማራል፤ ጣራውን ከመኪናው አናት ብዙ አለማራቅን፣ ነፋስ የሚያሳልፍ ልብስ መምረጥን።

ነፋስ የሚያሳልፈው በችግኝ ጣቢያ የሚታየው የጥላ መረብ ነው። ዝናብ ግን አይከለክልም። በእኔ አስተያየት ለሸዋ ሮቢት ይህ ጉድለት አይደለም፤ መስኮቱ የሚዘጋ መኪና ላይ ዝናብ ቢወርድበት አቧራውን ያጥብለታል። ዝናብም ይከለከል ለሚል ያገለገለ የጭነት መኪና ሸራ ከአዲሱ ሰማያዊ ላስቲክ ይበልጣል፤ ላስቲኩን የቆላ ፀሐይ ቶሎ ያሻክረውና ይተረትረዋል። ሸራ ከሆነ ጣራው በአንድ ወገን መዝቀዝቀዝ አለበት። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ18 ካሬ ሜትር ላይ 540 ሊትር ውሃ ነው፤ መሐሉ ከረገበ ያ ሁሉ ክብደት አንድ ቦታ ተጠራቅሞ ቱቦላሬውን ያጎብጠዋል። የሸራው የገመድ ቀዳዳ ከተቀደደ መጣል አያስፈልግም፤ ድቡልቡል ጠጠር ከሸራው ሥር ይዞ ጨርቁን በላዩ መጠቅለልና አንገቱን በሲባጎ ማሰር ከቀዳዳው የበለጠ ይይዛል።

አቀማመጡም ገንዘብ የማይጠይቅ ጥቅም አለው። ሸዋ ሮቢት ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንታት እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከአናት በስተ ሰሜን በኩል ያዘነብላል። በእነዚያ ወራት ጣራው በሰሜን በኩል ትንሽ ተርፎ ቢወጣ ጥሩ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከምዕራብ በአግድም የሚገባው ፀሐይ ነው፤ በዚያ ወገን ብቻ አንድ መጋረጃ ይውረድ፣ መኪናውም ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ይቁም።

ባጃጅ ያለው ሰው ይህን ያህል መድከም የለበትም። ርዝመቱ 2.6 ሜትር፣ ወርዱ 1.3 ሜትር ገደማ ስለሆነ 2 በ3 ሜትር ጣራ ይበቃዋል። ያ 6 ካሬ ሜትር ነው፤ ነፋሱ የሚያሳርፍበት ጉልበትም የትልቁ ዳስ ሲሶ ብቻ ነው። ሁለቱን እግሮች ከአጥር ቋሚ ጋር ማሰር ከተቻለ ካስማ የሚፈልጉት ሁለቱ ብቻ ይሆናሉ። ተራ የሚጠብቁ ባለ ባጃጆች ተዋጥተው አንድ ረዘም ያለ መረብ ቢገዙና ጎን ለጎን ቢቆሙበት ደግሞ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወጪ በጣም ይቀላል።