ዛይ፣ ዝዋይ ወይስ ላቂ?

በገላን ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ምእመናን አድራሻቸውን ሲናገሩ የሕዝብ ስም እየጠሩ መሆናቸውን ብዙዎቹ ልብ አይሉትም። ገላን ከቱለማ ኦሮሞ ጎሣዎች አንዱ ነው፤ ስሙ ለስፍራው ተረፈ። በዚያው በአቃቂ ቃሊቲ አልፎ፣ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ ደግሞ ስሙ ገና በአንድ ያልጸና ሕዝብ ወዳለበት ወደ ዝዋይ ሐይቅ ያደርሳል።

የሐይቁ ደሴቶች ሕዝብ ራሱን «ዛይ» ይላል። ጎረቤቱ ኦሮሞ «ላቂ» ይለዋል። በጽሑፍ «ዝዋይ» የተባለበት ጊዜ አለ፤ ቋንቋው ከስልጤና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ በመሆኑም ከጉራጌ ጋር ተደምሮ የታለፈበት። ስፍራዎቹም እንዲሁ ናቸው። ትልቁ ደሴት በቤተ ክርስቲያን ደብረ ጽዮን፣ በኦሮምኛ ቱሉ ጉዶ፣ ማለትም «ታላቅ ተራራ» ነው፤ ሐይቁ ደምበል፣ ከተማውም ባቱ ይባላል።

እንደ ትውፊቱ ከሆነ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከካህናቷ ጋር ከአክሱም ወደዚህች ደሴት ተሰዳለች። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ከሸዋ የሸሹ እንደ ተጨመሩባቸውም ይተረካል። ዳግማዊ ምኒልክ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢውን እስኪይዙ ድረስ ደሴተኞቹ ክርስትናቸውንና የብራና መጻሕፍታቸውን ይዘው ለብቻቸው ኖረዋል። የሚያስደንቀው፣ የግእዝ መጻሕፍትን እንዲህ የጠበቀ ሕዝብ በገዛ ቋንቋው የተጻፈ ነገር እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው።

ዛሬ ተናጋሪዎቹ ጥቂት ሺዎች ናቸው። የደሴቶቹ መሬት ጠባብ በመሆኑ ብዙዎች ወደ ዳርቻው ወጥተዋል፤ ኦሮምኛና አማርኛም ይናገራሉ። ዓሣ የሚያሰግሩበት ሐይቅ ውኃም ለመስኖ እርሻ በብዛት ይቀዳል።

ስለዚህ የአጥቢያ ታሪክ ወይም የልማት ጥናት የሚያዘጋጅ ሰበካ ጉባኤ ስለ ስሙ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ከየስፍራው የመጣ ምእመን በሚሰበሰብበት እንደ ገላን ባለ አጥቢያ አንድ ቤተሰብ «ዛይ ነን» ቢል፣ ጸሐፊው ተሳስቶ ነው ብሎ «ከዝዋይ የመጡ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ከዝዋይ ከተማ ግን ማንም ሊመጣ ይችላል፤ ሕዝቡ በአንድ መስመር ከመዝገቡ ይወጣል። ራሳቸውን የሚጠሩበትን ስም መጠየቅ፣ እርሱንም በፊደሉ ማስፈር፣ «ላቂ» የሚለውንም የቆየ ጽሑፍ ለሚፈልግ ሰው በኅዳግ ማመልከት ይበቃል።