ዌብሳይት መሥራት ለመማር የት እንጀምር?

እዚህ ካኩማ ዌብሳይት መሥራት መማር የሚፈልጉ ወጣቶች አሉ። ችግሩ የዳታ ነገር ነው። ቪዲዮ ሲያዩ ውለው ባንድሉ ያልቃል፣ በእጃቸው ግን አንድ ገጽ እንኳ አልሠሩም። ስለዚህ ጀማሪ በጽሑፍ የተዘጋጀ ትምህርት ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ጽሑፍ ብዙ ዳታ አይበላም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ፍሪኮድካምፕ ትምህርቱንም ሰርተፍኬቱንም በነጻ ይሰጣል። ደብሊው ስሪ ስኩልስ አጫጭር ምሳሌዎች ስላሉት ለጀማሪ ይቀላል፤ ማንበቡ ነጻ ነው፣ ሰርተፍኬቱ ግን ይከፈልበታል። የሞዚላው ኤምዲኤን ደግሞ ጠለቅ ያለ ማብራሪያ አለው። እንግዲህ «አስተምራችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ፣ በነጻ ከሚገኘው ምን እንደሚጨምርላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁት።

ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። መጀመሪያ ኤችቲኤምኤል ነው፤ እሱ የገጹ አጥንት ነው። ቀጥሎ ሲኤስኤስ፣ ቀለሙንና መልኩን ይሰጣል። ከዚያ ጃቫስክሪፕት ይመጣል፤ ሰው ሲነካው ገጹ መልስ እንዲሰጥ የሚያደርገው እሱ ነው። ጃቫ የሚባለው ሌላ ቋንቋ ስለሆነ እንዳያምታታችሁ።

ለልምምድ ኢንተርኔት የግድ አይደለም። ኖትፓድ ላይ ጻፉ፣ የፋይሉን ስም መጨረሻ ኤችቲኤምኤል አድርጋችሁ ሴቭ አድርጉ፣ በብራውዘር ክፈቱት፤ ያለ ኔትወርክ ይታያል።

ሦስት አራት ሆናችሁ ብትማሩ ደግሞ አንዱ በከፈተው ዳታ ገጾቹን ሴቭ አድርጎ በፍላሽ ለሌሎቹ ያካፍላል። ትምህርቶቹ በብዛት በእንግሊዝኛ ስለሆኑ፣ የሚችለው ላልቻለው ያስረዳል። በየቀኑ ትንሽ ጻፉ፤ የተነበበ ይረሳል፣ በእጅ የተሠራ ግን ይቀራል።