ከኮራሉ በፊት ኮምፕረሰሩ፦ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የስኩባ ጠላቂ ምን ይጠብቀዋል?

ራቅ ባለ የባሕር ዳርቻ በስኩባ መጥለቅ የሚያምረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “የት ልጥለቅ?” ብሎ ነው። የዚህ መልስ ግን ዛሬ ሩቅ አይደለም። በሳተላይት ምስል ላይ ጥልቀት የሌለው ውሃ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ሆኖ፣ ጥልቁ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ጠርዝ ብዙ ጊዜ የኮራሉ ግድግዳ ነው። የአገሩ ዓሣ አጥማጅም ካርታ የማይነግረውን ያውቃል፤ ነፋሱ መቼ እንደሚነሳ፣ ውሃው በየትኛው ሰዓት እንደሚጎትት። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ የአየር ሲሊንደሩን ማን ይሞላል? አደጋ ቢደርስ ኦክስጅን የት ይገኛል? ፍለጋው ከዚህ ካልጀመረ ያማረ ቦታ ማግኘት ብቻውን ዋጋ የለውም። ከአዲስ አበባ በባቡር የሚደረስባት ጅቡቲ ይህን ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች።

በጅቡቲ ዳርቻ ውበቱ የሚጨምረው ከአገልግሎቱ በራቁ ቁጥር ነው። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሙሻና ማስካሊ የተባሉት ደሴቶች ከዋና ከተማዋ ፊት ለፊት ስለሆኑ በጀልባ ደርሶ መመለስ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። ወደ ምዕራብ ሲኬድ የአርታ ዳርቻ አለ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ዌል ሻርኮች ይሰበሰቡበታል። አብዛኞቹ ገና ያላደጉ፣ ከ3 እስከ 5 ሜትር የሚሆኑ ናቸው፤ አፋቸውን ከፍተው ከውሃው ገጽ አጠገብ ፕላንክተን ሲያጣሩ ይታያሉ። ከዚያ አልፎ ጉቤት የሚባለው ወሽመጥ ይመጣል፤ የአፍሪካና የዓረብ ምድር እየተላቀቁ ያሉበት፣ አጠገቡ የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ በ1978 (እ.ኤ.አ.) የፈነዳበት፣ በጠባብ በሩ የሚገባው ውሃ ጠላቂን የሚነዳበት ስፍራ። ወደ ባብ ኤል መንደብ የተጠጉት የሳዋቢ ደሴቶች ደግሞ የብርቱ ፍሰትና የትልልቅ ዓሦች ቀጠና ናቸው፤ እዚያ የሚሄድ ጠላቂ የሚያድረው በመርከብ ላይ ስለሆነ የሚተነፍሰውም የሚታከመውም መርከቧ በያዘችው ብቻ ነው። ከ2023 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በዚያ መስመር በመርከቦች ላይ የደረሱት ጥቃቶችም ከጉዞው ዕቅድ ውጭ ሊሆኑ አይችሉም።

ሲሊንደሩ የሚሞላው በኮምፕረሰር ነው። ይህን መሣሪያ ብዙዎቻችን የምናውቀው ከጎሚስታ ቤት ነው፤ የጠላቂው ግን ለሳንባ የሚሞላ ነውና ነገሩ ይለያል። አየር የሚስብበት ቱቦ ከራሱ ሞተር ጭስ አጠገብ ከተቀመጠ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፤ 30 ሜትር ላይ ግፊቱ ከመሬት 4 እጥፍ ስለሚሆን የመርዙም ጉልበት አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ወደ ማያውቀው የሲሊንደር መሙያ ቤት የገባ ጠላቂ ቱቦው ወዴት እንደዞረ ይይ፤ ማጣሪያው መቼ እንደተቀየረ ይጠይቅ፤ በሲሊንደሩ አንገት ላይ የተቀረጸውን የፍተሻ ቀን ያንብብ። ቫልቩን ቀስ ብሎ ከፍቶ በነጭ ጨርቅ ላይ ሲያስተነፍስ ዘይት ከታየ ያንን ሲሊንደር አይንካው።

“አጥማጆቹ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠልቁ ያለ ይህ ሁሉ ኖረው የለም ወይ?” የሚል ይኖራል። ትንፋሹን ይዞ የሚወርድና ከሲሊንደር የሚተነፍስ ሰው ግን አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ታች በቆየ ቁጥር ሰውነቱ ናይትሮጅን ያጠራቅማል፤ ቸኩሎ ሲወጣ አረፋ ይሆንበታል፤ መድኃኒቱም ኦክስጅንና የግፊት ክፍል ነው። የአጥማጁ እውቀት ለቦታው ወርቅ ነው፤ ለጋዙ ግን ዋስትና አይሆንም። ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ አገልግሎት ካልተሟላ አንሄድም ካልን ሩቅ ዳርቻዎች መቼ ሊያድጉ ነው? በቀይ ባሕር ያሉትን የኤርትራ ደሴቶች፣ ዳህላክን፣ እንውሰድ። የጣሊያን ጠላቂዎች በ1952 እና 1953 (እ.ኤ.አ.) ዘምተውበት የፎልኮ ኩዊሊቺ ፊልም ለዓለም አሳይቶታል፤ ሆኖም ዝናው ብቻውን ደሴቶቹን እንደ ግብፁ ሻርም ኤል ሼክ የጠላቂዎች ከተማ አላደረጋቸውም። እኔ የማምነው መንገዱ ደረጃ በደረጃ መሆን እንዳለበት ነው። የአርታን ዌል ሻርክ ለማየት ሲሊንደር አያስፈልግም፤ የፊት መነጽር፣ የመተንፈሻ ቱቦና የእግር መቅዘፊያ ይበቃል። በዚህ የሚገኘው ገቢ የጀልባ ባለቤቱን በእግሩ ያቆማል፤ ኮምፕረሰሩና ኦክስጅኑ ተከትለው ይመጣሉ።

ከኢትዮጵያ ለሚወርድ ጠላቂ ደግሞ ሌላው ዓለም እምብዛም የማያስበው አንድ ጉዳይ አለ። ተደጋግሞ ከተጠለቀ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይጠብቁ አውሮፕላን ላይ መውጣት እንደማይገባ ጠላቂ ሁሉ ይማራል። የአውሮፕላኑ ውስጥ ግፊት ቢበዛ በ2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር የሚስተካከል ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። በባቡርም ቢሆን ወደ ቤት መመለስ ለሰውነት እንደ መብረር ነው፤ ድሬዳዋ ሲደርሱ እንኳ ከ1,000 ሜትር በላይ ወጥተዋል። እባክዎ የመጨረሻዋን የጅቡቲ ቀን ለየብስ ይተዉ፤ 18 ሰዓቱ ሳይሞላ ባቡሩ ላይ አይሳፈሩ።