ካርድ የማይበላው መንገድ

ቤታችን ውስጥ ካሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ቀንም ሌሊትም የማያርፈው ራውተሩ ነው። አዎ፣ ኮምፒውተር ነው። የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ሚሞሪ፣ የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለው። ስክሪንና ኪቦርድ ስለሌለው ብቻ ከተራ የኤሌክትሪክ ዕቃ ቆጥረነዋል። እንግዳ ሲመጣ ፓስዎርዱ ይጠየቃል፣ ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ ከሶኬት ተነቅሎ ይሰካል፣ ከዚያ ውጭ ማንም አያስታውሰውም።

ኮምፒውተርነቱን ለሚጠራጠር ሰው ሁልጊዜ የምነግረው ታሪክ አለ። በ2002 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ላይ ሊንክሲስ የተባለው ኩባንያ ደብሊውአርቲ54ጂ የሚባል ሰማያዊና ጥቁር ራውተር ለገበያ አወጣ። በቀጣዩ ዓመት ዕቃ ፈታተው ማየት የሚወዱ ሰዎች ውስጡ የሚሠራው ሊነክስ መሆኑን ደረሱበት። የሊነክስ ፈቃድ ደግሞ ሶፍትዌሩን ለሌላ የሚያድል ሁሉ ኮዱንም እንዲሰጥ ስለሚያስገድድ ኩባንያው ኮዱን ይፋ አደረገ። ከዚያ ተነሥቶ በ2004 ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ተጀመረ፤ አምራቹ የረሳውን አሮጌ ራውተር እንደገና ሥራ ላይ የሚያውለው እሱ ነው። ያ ሰማያዊ ሳጥን የነበረው ፕሮሰሰር 125 ሜጋኸርዝ፣ ሚሞሪው 16 ሜጋባይት፣ ሶፍትዌሩ የተጫነበት ቦታ በሙሉ 4 ሜጋባይት ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናነሣው አንድ ፎቶ ያን ያህል ይመዝናል።

አያያዙ ብዙ ወሬ አይፈልግም። ከፍ ያለና ገላጣ ቦታ ላይ፣ ከተቻለ የቤቱ መሐል ይቀመጥ፤ ሙቀት መውጫው አይደፈን፤ አቧራው ይጠረግ። ይህችኑ የሚያደርግ ቤት ግን ስንት ነው? አንዱ ጋ ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ኋላ፣ ሌላው ጋ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተወሽቆ፣ አንድ ቤት ደግሞ ዳንቴል ለብሶ አይቼዋለሁ። ዳንቴሉ ያምራል፣ ሞገዱንም እምብዛም አያግድም፤ የሚያግደው ሙቀት እንዲወጣ የተበሱትን ቀዳዳዎች ነው። የቡፌው መስተዋት ግን ለሞገዱም ጠላት ነው፤ ከጀርባው የተቀባው ስስ ብረት መልሶ ይወረውረዋል። የብረት በር፣ ቆርቆሮና ፌሮ የበዛበት ኮንክሪትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ውኃ የሞላ ሮቶ ደግሞ ይውጠዋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ሰው ከግድግዳውም የሚብሰው የጎረቤት ብዛት ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ የማይጋጩት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። አንድ ብሎክ ላይ ያለ ራውተር ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ሲሻማ ያመሻል። ራውተርዎ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ያንን ይክፈቱት፤ ግድግዳ እንደልብ አያሻግርም እንጂ ሰፊ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ልቆጣ። አጥፍቶ ማብራትና በመርፌ መውጋት አንድ አይደሉም! አጥፍቶ ማብራት ራውተሩን ያሳርፈዋል። ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ተጭኖ መያዝ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል፤ የዋይፋዩ ስምና ፓስዎርድ ይጠፋል፣ ብዙ ቤት ላይ አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት ባለሙያ መጥቶ ያስገባው መለያና የይለፍ ቃልም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ስልክ መደወልና ባለሙያ መጠበቅ ነው። «ኢንተርኔት እንቢ ብሎኝ ወጋሁት» የሚለኝ ሰው ቁጥር ስፍር የለውም። መጀመሪያ ተጥዶ የነበረውን ችግር በሌላ ችግር መተካት ነው ያተረፈው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያብከነክነኝ ግን ኢንተርኔት ሲቋረጥ ራውተሩም አብሮ የሞተ የሚመስለን ነገር ነው። ወርኃዊ ክፍያ ያልፍና መስመሩ ይዘጋል፤ ወይም የሰፈሩ ፋይበር ይበጠሳል። ወዲያው አንዱ ተነሥቶ ራውተሩን ይነቅለዋል፤ «ለምን በከንቱ መብራት ይበላል» ብሎ። ከዚያ ወንድም ከእህቱ ላፕቶፕ አንድ ፊልም ለመውሰድ ፍላሽ ፍለጋ ቤቱን ያምሳል። ፊልሙን ሊያሻግርለት የሚችለው ሳጥን መደርደሪያ ላይ ተነቅሎ ተቀምጧል።

ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሥራዎች ብዙ ናቸው። አንደኛው ከውጭ የመጣውን መስመር መቀበል ነው። ሁለተኛው በቤቱና በውጩ መካከል ማስተላለፍ ነው። ሦስተኛው በገመድ የተሰኩትን ዕቃዎች እርስ በርስ ማገናኘት፣ አራተኛው ያንኑ በራዲዮ ማድረግ ነው። ለሚመጣው ዕቃ ሁሉ አድራሻ ማደልም የሱ ነው። መስመሩ ሲቆረጥ የሚቆመው ከውጭ ጋር የተያያዘው ሥራ ብቻ ነው። የግቢው የውጭ በር ተቆለፈ ማለት ሳሎንና ማድ ቤት መመላለስ ቀረ ማለት አይደለም።

ራውተሩ የሚያድላቸው አድራሻዎችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። በ192.168 የሚጀምሩት ቁጥሮች በ1996 (እ.ኤ.አ.) በወጣ የኢንተርኔት ደንብ ለግል ኔትወርክ ብቻ የተተዉ ናቸው። በሕዝብ ኢንተርኔት ላይ ወደ እነዚህ አድራሻዎች የሚወስድ መንገድ የለም። ስልክዎ 192.168.1.5፣ ላፕቶፕዎ 192.168.1.7 ከሆነ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው ፋይል ራውተሩ ጋ ደርሶ እዚያው ይታጠፋል። ቴሌም አያየው፣ ሳፋሪኮምም አይቆጥረው።

የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ይህን ለማመን ተቸግረው ነበር። የልጃቸው የሠርግ ቪዲዮ ልጃቸው ላፕቶፕ ላይ ነበር፤ እሳቸው በስልካቸው ማየት ፈለጉ፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ተዘግቷል። ላፕቶፑ ላይ ፎልደሩን ሼር አድርጌ፣ ቪኤልሲ የተባለው ቪዲዮ ማጫወቻ ስልካቸው ላይ ስለነበረ ከዚያ ከፈትኩላቸው።

«አንተ ልጅ፣ ኢንተርኔቱ ከተቆረጠ ሰንብቶ የለም እንዴ? በምን መጣ ታዲያ? ከካርዴ እየቆረጠ እንዳይሆን!»

«አይቆርጥም እትዬ፤ ከቤትዎ አልወጣም እኮ።»

ለማንኛውም ብለው የስልካቸውን ዳታ አጠፉ። ሙሽራዋ ከመኪና መውረዷን አላቋረጠችም።

የዚህን ስሕተት ግማሽ ጥፋት ስልኮቻችን ላይ እጥለዋለሁ። አንድሮይድ ኢንተርኔት የሌለው ዋይፋይ ሲያገኝ ኔትወርኩ ኢንተርኔት እንደሌለው ነግሮ ይቆዩ እንደሆነ ይጠይቃል። ሰው ሁሉ ደንግጦ አይሆንም ይላል፤ ስልኩም ወደ ሞባይል ዳታ ይሸሻል። እሺ ብለው ይቆዩ። የዋይፋዩ ምልክት በስልክዎ ላይ ሙሉ ሆኖ ምንም ሳይከፈት ሲቀርም ግራ አይጋቡ። ያ ምልክት የሚለካው በስልኩና በራውተሩ መካከል ያለውን ራዲዮ ነው። ከራውተሩ ወዲያ ስላለው መስመር ምንም አይናገርም።

ፍጥነቱንም እናስላው። 1 ጊጋባይት ፊልም በ4 ሜጋቢት መስመር ከኢንተርኔት ለማውረድ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ያንኑ ፊልም ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት በሰከንድ 10 ሜጋባይት ብናሻግረው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አሮጌ ራውተር እንኳ በገመድ ከተሰካ ይህን ይችላል፤ 100 ሜጋቢት የሚባለው የገመድ መሰኪያ ጣሪያው በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ነው።

ብዙ ራውተር ከጀርባው የዩኤስቢ መሰኪያ አለው። አብዛኛው ሰው ስልክ ቻርጅ ያደርግበታል፤ ያሳዝናል። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይሰኩበት፤ ራውተሩ ገጽ ላይ ገብተው ማጋራቱን ይክፈቱ፤ ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ያለ ላፕቶፕ፣ ስልክና ስማርት ቴሌቪዥን ሁሉ አንድ ጎተራ አገኘ ማለት ነው። ይህን ከሚያስችሉት ሶፍትዌሮች ዋናው ሳምባ ይባላል። አንድሩ ትሪጅል የተባለ አውስትራሊያዊ ካንቤራ ውስጥ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ የጀመረው ነው። የዩኒክስ ማሽን ላይ ያለውን ዲስክ ከራሱ ፒሲ ማግኘት ፈለገ፤ የሚያስረዳ ሰነድ ስላልነበረው ሁለት ማሽኖች በገመዱ ላይ የሚለዋወጡትን እየጠለፈ ቋንቋቸውን ለመደ። የመጀመሪያውን ሥራ ለሰው ያካፈለው በ1992 (እ.ኤ.አ.) መግቢያ አካባቢ ነው። ዛሬ ያ ሥራ የስንቱ ቤት ራውተር ውስጥ ባለቤቱ ሳያውቀው ይኖራል።

ዲስኩ «ጢቅ ጢቅ» እያለ አልነሣ ካለ ተበላሽቷል ብለው አይጣሉት። የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፒር ነው፤ ሃርድ ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር ከዚያ በላይ ይጠይቃል። የራሱ አዳፕተር ያለው ዲስክ ወይም የራሱ አዳፕተር ያለው ሃብ ነገሩን ይፈታዋል። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ደግሞ ለራውተር ተብሎ የሚሸጠውን ትንሽ ዩፒኤስ ይግዙ። ባለ 12 ቮልት 1 አምፒር አዳፕተር ቢበዛ 12 ዋት ነው የሚሰጠው፤ ትንሽ ባትሪ ይሸከመዋል። ዲስኩ ላይ ፋይል እየተጻፈ ሳለ መብራት መጥፋቱ ራውተሩን ባይጎዳ ፋይሉን ሊያበላሽ ይችላል። ዲስኩን ባለ አዳፕተር ካደረጉት ግን እሱም ዩፒኤስ ላይ መሆን አለበት።

ዊንዶውስ 10 አሮጌ ራውተር ላይ ያለውን ዲስክ አልከፍትም ሊልዎ ይችላል። ራውተሩ የሚናገረው ኤስኤምቢ 1 የተባለውን ያረጀ የፋይል ማጋሪያ ቋንቋ ብቻ ሲሆን ነው። በግንቦት 2017 (እ.ኤ.አ.) ዋናክራይ የተባለው አጥፊ ሶፍትዌር ዓለምን ያመሰው በዚሁ አሮጌ በር ገብቶ ነው፤ ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት ከአዲስ ዊንዶውስ ላይ እያወጣው ሄደ። ኤስኤምቢ 1ን መልሶ ለማብራት «ይኼን ብቻ ቲክ አድርገው» የሚል የሰፈር ባለሙያ ሲመጣ አይስሙት። የራውተሩን ሶፍትዌር ማደስ ይሻላል፤ እድሳት ካልተገኘለት ፎልደሩን ከላፕቶፕ ላይ ማጋራት ይሻላል። ያኔ ዊንዶውሱ ኔትወርኩን የግል ብሎ መያዙን አይርሱ፤ ሕዝባዊ ካሉት ሌሎቹ አያዩትም።

ዲስኩን ከቤት ውጭ ሆኖ ለማየት መጓጓት ደግሞ ሌላው በሽታ ነው። በየካቲት 2014 (እ.ኤ.አ.) በአሱስ ራውተሮች ላይ በነበረ ቀዳዳ ከ12,900 በላይ የተሰኩ ዲስኮች ባለቤቶቻቸው በማያውቁት ሰው ተከፈቱ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን ይዞ በ2016 ኩባንያውን ለ20 ዓመት በውጭ ኦዲተር እንዲመረመር አስማማው። የግብር ወረቀትዎን፣ የፓስፖርት ኮፒዎንና የልጆችዎን ፎቶ እዚያ ላይ አስቀምጠው ለውጩ ዓለም በር መክፈት ምን የሚሉት ጀግንነት ነው? ራውተሩ ገጽ ላይ መግቢያው አሁንም አድሚን በአድሚን ከሆነ ደግሞ ጽሑፉን ማንበብ አቁመው ይቀይሩት። ለእንግዳ የእንግዳ ኔትወርክ ይክፈቱለት፤ ኢንተርኔት ያገኛል፣ ዲስኩን አያይም። አንዳንዴ የቤቱ ልጅ ራሱ የእንግዳው ላይ ገብቶ «ዲስኩ ጠፋ» ሲል እንደሚውልም ልብ ይበሉ።

የሠርግ ቪዲዮ ሲገለብጡ ዲስኩ ባዶ ሆኖ ሳለ ቦታ የለም ካለ ፎርማቱን ይዩ። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ኤንቲኤፍኤስ ይቀበላል፤ የዩኤስቢ መሰኪያ ያለው ራውተር ብዙውን ጊዜ ያነበዋል። ፎርማቱን መቀየር ግን ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ አስቀድመው ያውጡት።

አዲስ ራውተር የመጣለት ሰው አሮጌውን ለቆራሌው አይስጥ። አድራሻውን ለምሳሌ ወደ 192.168.1.2 ይቀይሩት፤ አድራሻ ማደሉን ያጥፉበት፤ ከአዲሱ በገመድ ያገናኙትና መኝታ ቤት ያኑሩት። የዩኤስቢ መሰኪያ ካለው ዲስኩም እሱ ላይ ሊሆን ይችላል። ገመዱ የሚሰካው ግን ጎን ለጎን ከተደረደሩት አራት መሰኪያዎች በአንዱ ነው፤ ለብቻው ያለው፣ ብዙ ጊዜ ቀለሙም የሚለየው፣ የውጭ መስመር መግቢያ ስለሆነ እዚያ ከሰኩት ሁለቱ ራውተሮች ሁለት የተለያዩ ቤቶች ይሆናሉ።