ወረቀቱ እስከ ኅዳር ይሠራል፤ ሰውየውስ?

ወደ አርባ ምንጭ በአይሮፕላን የወረደ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ከቦሌ ሲነሡ አገሩ ብርድ ነው። ጥቂት ቆይቶ ዓባያና ጫሞ፣ አንዱ ቀላ ብሎ ሌላው ሰማያዊ ሆኖ፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው ተረተር ተጋድሞ ብቅ ይላሉ። ያን ጊዜ አይሮፕላኑ ዝቅ ማለት ይጀምራል፤ የመንገደኛውም ጆሮ ይደፈናል።

ባለፈው ሰሞን እኛ የወረድነው ጉንፋን ይዞን ነበርና ነገሩ ከመደፈን አልፎ ሕመም ሆነብን። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የቦሌ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲሆን፣ የአርባ ምንጩ 1200 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር አየሩ እየከበደ የጆሮን ታምቡር ወደ ውስጥ ይገፋል። ጤነኛ ሰው ምራቁን ሲውጥ ከአፍንጫ ጀርባ ወደ ጆሮ የሚሄደው ቀጭን ቦይ ተከፍቶ ሚዛኑን ይመልስለታል። ጉንፋን የያዘው ግን ቦዩ ስላበጠበት እኛ እንደ ሆንነው ይሆናል፤ ይኸውም አገጩን ይዞ እያዛጋ በጎረቤቱ ዘንድ መሳቂያ ይሆናል።

ታዲያ በዚያ ሥቃይ መካከል አንድ ጥያቄ መጣብን። ለመሆኑ ፊት ተቀምጦ መሪውን የያዘው ሰው እንደ እኛ ጉንፋን ይዞት እንደ ሆነ ማን ይጠይቀዋል?

መልሱን ያገኘነው ሲቀላ፣ ከአንድ የትምህርት ቤት ጓደኛችን እናት ቤት ነው። ጓደኛችን ዛሬ ረዳት አብራሪ ሆኗል፤ ዕድሜው 28 ዓመት ነው። በሥራ ቀን፣ ያውም እኩለ ቀን ላይ፣ ከማንጎ ዛፍ ሥር በነጠላ ጫማ ተቀምጦ ስናየው የዓመት ፈቃዱ መስሎን «ደስ አይልም!» አልነው። «ፈቃድ አይደለም፤ መሬት ላይ ነኝ» አለን። በአብራሪዎች ቋንቋ መሬት ላይ መሆን ማለት እንዳይበር መታገድ ማለት ነው። ወዲያው ከቦርሳው አንዲት ወረቀት አውጥቶ አሳየን። የጤና ምስክር ወረቀቱ ናት። ቀኗን አየነው፤ እስከ ኅዳር ትሠራለች። «ታዲያ ምን ሆንክ?» ብንለው፣ «ወረቀቷ ትሠራለች፤ እኔ ነኝ የማልሠራው» ብሎ ሳቀ።

የወረቀቷ ነገር እንዲህ ነው። ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. ቺካጎ ከተማ በተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ውስጥ አገራችንም አባል ናት። የስምምነቱ የመጀመሪያው አባሪ አብራሪ የሚሆን ሰው ከበረራ ፈቃዱ በተጨማሪ የጤና ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል ይላል። ምስክር ወረቀቱ ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛው ደረጃ መንገደኛና ዕቃ በክፍያ ለሚያጓጉዙ አብራሪዎች፣ ሁለተኛው ለግላቸው ለሚበሩ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከማማው ላይ ሆነው የአየሩን መንገድ ለሚቆጣጠሩ ነው። መርማሪውም ማንኛውም ሐኪም ሳይሆን የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሚቀበለው ሐኪም መሆን አለበት።

እንደ ጓደኛችን ያለው የአየር መንገድ አብራሪ በየ12 ወሩ ይመረመራል። ዕድሜው 60 ዓመት ሲያልፍ በየ6 ወሩ ይሆናል፤ 65 ዓመት ሲሞላው ደግሞ በዓለም አቀፍ የንግድ በረራ ላይ አብራሪ መሆኑ ያበቃል። ብቻውን ሆኖ መንገደኛ የሚያጓጉዝ አብራሪ ከ40 ዓመቱ ጀምሮ በየ6 ወሩ ከሐኪም ፊት ይቀርባል፤ ልቡ ቢቆም መሪውን የሚቀበለው ጓደኛ የለውምና። ለግሉ የሚበር ወጣት ግን 60 ወር ሙሉ የሚጠይቀው የለም። እድሳቱን በተመለከተ ብልህ አብራሪ የመጨረሻዋን ሳምንት አይጠብቅም። ቀኑ ከማለፉ በፊት ባሉት 45 ቀናት ውስጥ ከተመረመረ፣ አዲሱ ዘመን የሚቆጠረው አሮጌው ከሚያበቃበት ቀን ጀምሮ እንዲሆን ደንቡ ይመክራል። ቀድሞ በመሄዱ ቀን አይጎድልበትም።

አብራሪ ለመሆን የምትመኝ ተማሪ አንባቢያችን ሆይ፣ መነጽር ስላደረግህ ብቻ ተስፋ አትቁረጥ። ሕጉ የሚጠይቀው በመነጽርም ሆነ ያለ መነጽር እያንዳንዱ ዓይን 6/9፣ ሁለቱ በአንድነት ደግሞ 6/6 እንዲያዩ ነው፤ በመነጽር የሚያይ ሰው ትርፍ መነጽር በአጠገቡ መያዝ አለበት። የሚያስቸግረው ቀለም መለየት ነው። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ወንድ ልጅ፣ ነገሩ ከእናቱ በዘር የሚወርድ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ ራሱም ሳያውቀው ያድጋል፤ የሚያውቀው ጃፓናዊው ሐኪም ኢሺሃራ የሠራቸውን ባለ ነጠብጣብ ሰሌዳዎች ሲያሳዩት ነው። ጆሮም ይመረመራል፣ ሽንትም፣ የደም ግፊትም። የልብ ምት በመሣሪያ የሚነሣው መጀመሪያ ሲገቡ ነው፤ ከ50 ዓመት በኋላ ደግሞ ቢያንስ በየዓመቱ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ያስደሰተን ነገር አለ። ደንቡ አእምሮን የሚያነቃቁና የሚያደነዝዙ ነገሮችን ከአልኮል ጀምሮ ሲዘረዝር፣ ቡናንና ትምባሆን ግን በስማቸው ጠርቶ ከዝርዝሩ ያወጣቸዋል። ይህን ለጓደኛችን እናት ብንነግራቸው፣ «እንኳን ቡናን አልነኩ!» ብለው ጀበናውን ወደ ከሰሉ አስጠጉት። ስለ ትምባሆው ግን ዝም አሉ፤ እኛም ዝም አልን።

ወደ ጓደኛችን ጉዳይ እንመለስ። አምና ለእረፍት አርባ ምንጭ መጥቶ ሳለ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያዘው። የቆላ ልጅ ነውና ወባ መሆኑን ለመገመት ጊዜ አልፈጀበትም። ከመድኃኒት ቤት ክሎሮኪን ገዝቶ ለሦስት ቀን ዋጠና ዳነ። ወር ሳይሞላው የዓመቱ ምርመራ ደረሰ። ቅጹ ላይ ካለፈው ምርመራ ወዲህ ታመህ ታውቃለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። እሱም «የለም» ብሎ ጻፈ። «ለሦስት ቀን ወባ ብዬ ነገር ማን ይጎትታል ብዬ ነው» ይላል። የእኛ አንባቢ፣ በተለይ በቅርቡ መሥሪያ ቤት የገባው ወጣት፣ እንዲህ ያለውን «የለም» በእጁ ጽፎ የማያውቅ እንደ ሆነ ድንጋይ ያንሣ።

ነገር ግን በአገራችን ከሚገኙት የወባ ዓይነቶች አንዱ፣ ቫይቫክስ የሚባለው፣ ተንኮለኛ ነው። ክሎሮኪን በደም ውስጥ ያለውን ይገድለዋል፤ በጉበት ውስጥ ተደብቆ የተኛውን ግን አይነካውም። እሱን ለማጥፋት ሰውየው አስቀድሞ ደሙ ተመርምሮ ሌላ መድኃኒት፣ ፕሪማኪን፣ ለብዙ ቀናት መውሰድ ይኖርበታል። ያ ካልተደረገ ሕመሙ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ ትንኝ ሳትነክስ፣ ከሆድ ተነሥቶ ይመጣል። ደግሞም የወባ መድኃኒት ሁሉ ለአብራሪ አይሆንም፤ ሜፍሎኪን የሚባለው ራስ ስለሚያዞርና አእምሮን ስለሚያውክ ለበረኞች ክልክል ነው።

ጓደኛችንንም እንዲሁ አደረገው። ከአምስት ወር በኋላ፣ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ለበረራ ሲነሣ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ናት፤ ቀኗም አላለፈም። ደንቡ ግን ከወረቀቱ ቀን በላይ የሆነ ቃል አለው፤ ጤናው መጓደሉን ያወቀ አብራሪ፣ ምስክር ወረቀቱ ያልወደቀ ቢሆን እንኳ፣ ሊበር አይገባውም ይላል። ስልኩን አንሥቶ «ዛሬ አልችልም» አለ። አንድ ሌሊት ሐኪም ቤት አደረ። ይኸው ሐኪም ቤት መተኛቱ ደግሞ ለባለሥልጣኑ መነገር ያለበት ነገር ሆነ። ስለዚህ ሰኞ ከመርማሪው ሐኪም ፊት ይቀርባል። ሐኪሙም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከዚህ በፊት ይዞህ ያውቃል?» ብሎ ነው።

እናቲቱ ሐሳባቸውን አልደበቁም። «ልጄ፣ ያለፈውን ምን ያነሣሣሃል? ዳንክ፤ ተመስገን ነው። እንጀራህን በአፍህ አትድፋ» አሉት። ወደ እኛም ዞረው፣ «እናንተ የተማራችሁ፣ እስቲ ንገሩት» አሉን።

ምን እንበላቸው? የእናት ነገር ሐሰት የለበትም። አብራሪ ወረቀቱን ሲያጣ ሥራውን ብቻ ሳይሆን አምስትና ስድስት ዓመት የደከመበትን ሙያ ያጣል፤ ታናሽ ወንድም የሚማርበትም ገንዘብ አብሮ ይቆማል። ሕጉን ያወጡ ሰዎች ይህን ካልተመለከቱ፣ ሐኪሙ ለአብራሪው ሐኪም መሆኑ ቀርቶ ዳኛ ይሆንበታል። ለዳኛ ደግሞ ሰው ሁሉን አይናገርም።

ነገሩ ወዴት እንደሚያደርስ ዓለም በመጋቢት 15 ቀን 2007 ዓ.ም. አይቶታል። የጀርመንዊንግስ ኩባንያ አይሮፕላን ከባርሴሎና ወደ ዱሴልዶርፍ ሲበር፣ ረዳት አብራሪው ካፒቴኑ ሲወጣ በሩን ዘግቶ በፈረንሳይ ተራራ ላይ ሆን ብሎ ጣለው፤ 150 ሰው አለቀ። ሰውየው በሥልጠናው ዘመን የመንፈስ ጭንቀት ይዞት እንደ ነበር በምስክር ወረቀቱ ላይ ምልክት ነበረበት። ኋላ ሕመሙ ሲመለስበት ሐኪሞች ከሥራ እንዲያርፍ የጻፉለት ወረቀት ተቀዳዶ ከቤቱ ተገኘ። የፈረንሳይ መርማሪዎችም አብራሪ ፈቃዱን ሲያጣ የሚደርስበትን የገንዘብ ጉዳት ከምክንያቶቹ መካከል ቆጠሩት። ከዚያ በኋላ የአውሮፓ ማኅበር አየር መንገዶች ሁሉ፣ አብራሪ ለሙያ ባልደረባው ችግሩን የሚያዋይበት የድጋፍ ክፍል እንዲያቋቁሙ አስገደደ። ይህ እኛን እንደ ጥሩ መንገድ ይታየናል።

ደግሞ የሚደብቀው ሁልጊዜ ሰውየው ብቻ አይደለም። ሰኔ 11 ቀን 1964 ዓ.ም. ከለንደን አጠገብ ስቴንስ በተባለ ስፍራ የብሪታንያ አየር መንገድ አይሮፕላን ወድቆ 118 ሰው ሞተ። የካፒቴኑ ሬሳ ሲመረመር የልቡ የደም ሥሮች ክፉኛ ጠብበው ተገኙ። ሰውየው ግን በየጊዜው ተመርምሮ አልፎ ነበር።

ይህን ሁሉ ለእናቲቱ አላወራንላቸውም። ልጃቸው በየሳምንቱ ከደመና በላይ የሚውል ሴት ይህን ከመስማት ባይሰሙት ይሻላል። ያልነው «እማማ፣ ሐኪሙ ካላወቀ መድኃኒቱን እንዴት ያሟላለታል? አምስት ወር ቆይቶ እንደገና ቢመጣስ?» ብቻ ነው። እሳቸውም ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ አባቶቻቸው ቆላ ወርደው አርሰው ሲመሽ ወደ ጨንቻ ደጋ የሚወጡት ይህን ወባ ሸሽተው እንደ ነበር አወሩን። «እኛ ነን ሞኞቹ፣ እዚህ ያደርነው» አሉ።

በዚህ መካከል ጓደኛችን አንዲት ወረቀት ከኪሱ አወጣ። አምና «የለም» ብሎ የጻፈው ትክክል እንዳልነበረ፣ መቼ እንደ ታመመ፣ ምን መድኃኒት ስንት ቀን እንደ ወሰደ የሚገልጽ ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ነው። ለካስ እናቱ ሲመክሩት ቀድሞ ጽፎት ኖሯል። «እናንተ የጽሕፈት ሰዎች ናችሁ፤ እረሙልኝ» አለን። እኛም «ምናልባት ወባ ሳይሆን አይቀርም» የሚለውን ሠርዘን «ወባ ነበር» አልነው። ሌላውን አልነካነውም።

እናቲቱ ወረቀቱን ተቀብለው ማንበብ ባይችሉም ገልብጠው ተመለከቱት፤ አጥፈውም ከጤና ምስክር ወረቀቱ ጋር በአንድ ላይ ከቦርሳው ከተቱለት። ከዚያም በረካውን እየቀዱ፣ «ቡናው ግን አልተከለከለም አላችሁኝ?» ሲሉ እንደገና ጠየቁን።