ለሶፍትዌር ስም ማውጣት፦ የፋየርፎክስ ሦስት ስሞች

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለሶፍትዌር ስም የሚያወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌሊቱን ኮድ ሲጽፍ ያደረና ስሙን ለማሰብ አምስት ደቂቃ እንኳ ያልሰጠ ሰው ነው። ፕሮግራሙ በጸሐፊው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ እስካለ ድረስ ይህ ጉዳት የለውም። ችግሩ የሚጀምረው ፕሮግራሙ ሲሳካለትና ሌሎች ሰዎች በስሙ መጥራት ሲጀምሩ ነው። በዚህ ጽሑፍ አንድ ስም ከሌሎች የሚለይ የሚሆነው በምን እንደሆነ፣ ጎልቶ ከሚታወቅ አንድ ታሪክ በመነሣት እንመለከታለን። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሴፕቴምበር 2002 በሞዚላ ሥር የሚሠሩ ጥቂት ፕሮግራም ጸሐፊዎች ቀለል ያለ የኢንተርኔት ብራውዘር ሠርተው «ፊኒክስ» የሚል ስም ሰጡት። ፊኒክስ በጥንታውያን ግሪኮች ተረት ተቃጥላ ከገዛ አመዷ የምትነሣ ወፍ ናት። የሞዚላ ሥራ የተጀመረው በገበያው ከተሸነፈው ከኔትስኬፕ ኮድ በመሆኑ ስሙ ውብና ተስማሚ ነበር። ሆኖም ፊኒክስ ቴክኖሎጂስ የተባለው የታወቀ የባዮስ አምራች ኩባንያ በስሙ ላይ የንግድ ምልክት መብት ነበረው፤ የብራውዘር ምርትም ነበረው። ስለዚህ በኤፕሪል 2003 ብራውዘሩ «ፋየርበርድ»፣ የእሳት ወፍ፣ ተባለ። ወፏም እሳቱም አልተነኩም፤ ተረቱ እንደተጠበቀ ቀረ።

አሁን ግን ሌላ ባለቤት ተነሣ። ፋየርበርድ የተባለ፣ ከኢንተርቤዝ ኮድ በ2000 የተወለደ የመረጃ ቋት ሶፍትዌር ቀድሞ ነበር። ይህ ትልቅ ኩባንያ አልነበረም፤ እንደ ሞዚላው ሁሉ ኮዱን ለሁሉም ክፍት ያደረገ ፕሮጀክት እንጂ። የመረጃ ቋቱ ሰዎች ቅሬታቸውን አጥብቀው አሰሙ። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር፦ ሁለቱም ሶፍትዌሮች ከኢንተርኔት በነጻ ይወሰዳሉ፤ የሚወስዷቸውም በአብዛኛው አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ታላቁ ስሙን ሲወስድ የታናሹን ስም በመፈለጊያ ገጽ የሚጽፍ ሁሉ ታላቁን ያገኛል። በፌብሩዋሪ 2004፣ ከ0.8ኛው እትም ጋር፣ ብራውዘሩ ሦስተኛ ስሙን አገኘ፦ «ፋየርፎክስ»። ቃሉ በሂማላያና በደቡብ ቻይና ተራሮች የሚኖረው የቀዩ ፓንዳ ሌላ መጠሪያ ነው። እትም 1.0 የወጣው ኖቬምበር 9 ቀን 2004 ስለነበረ፣ ሁለቱም የስም ለውጦች ፕሮግራሙ ገና በሙከራ ላይ ሳለ መፈጸማቸው ዕድል ነበር እንላለን። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ከለመደው በኋላ ቢሆን ኖሮ ዋጋው ሌላ በሆነ ነበር።

ልዩነትን በመመዘን ረገድ ጥሩ መለኪያ የሰጡን የሕግ ሰዎች ናቸው። በአሜሪካ በ1976 በተሰጠ አንድ የፍርድ ውሳኔ ስሞች በደረጃ ተከፍለዋል። ከታች ያለው የነገሩ የራሱ መጠሪያ ነው፤ ማንም የግሉ ሊያደርገው አይችልም። ቀጥሎ ነገሩን የሚገልጽ፣ ከዚያ ነገሩን በጥቂቱ የሚጠቁም ስም ይመጣል። ከላይ ደግሞ ከነገሩ ጋር የማይዛመድ የታወቀ ቃልና ጭራሽ የተፈጠረ ቃል አሉ። «አፕል» ለፍራፍሬ ነጋዴ ከታችኛው ደረጃ ነው፤ ለኮምፒዩተር ሲሆን ግን ወደ ላይ ይወጣል። ጆርጅ ኢስትማን በ1888 ለካሜራው የሰጠው «ኮዳክ» ደግሞ ምንም ትርጉም የሌለው ፈጠራ ነው። በመመረቂያ ፕሮጀክቶች ሽፋን ላይ የምናነባቸው «የተማሪዎች መረጃ አያያዝ ሥርዓት» የሚሉ ርእሶች በዚህ መለኪያ መሠረት ስሞች አይደሉም ብንል አንሳሳትም። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ግዕዝኤዲት የተባሉት የአማርኛ መጻፊያዎችም አንዱን ቃል ስለሚጋሩ፣ «ግዕዝ ጫንልኝ» ለሚል ሰው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

ሁለተኛው መለኪያ ኢንተርኔት ያመጣው ነው። ጉግል በኖቬምበር 2009 «ጎ» የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ይፋ ሲያደርግ፣ በቃለ አጋኖ የሚጻፍ «ጎ!» የተባለ ሌላ ቋንቋ ቀድሞ መኖሩን የቋንቋው ባለቤት አስታወቀ። ጉግል ስሙን አልለወጠም። ቃሉ በእንግሊዝኛ «ሂድ» የሚል ተራ ግሥ በመሆኑ ግን ለፍለጋ አስቸጋሪ ሆነ፤ ፕሮግራም ጸሐፊዎችም ከድረ ገጹ አድራሻ ተውሰው «ጎላንግ» ብለው መፈለግን ለመዱ። እንዲህ ያለውን ጉድለት ታላቅ ኩባንያ ይሸከመዋል፤ ሁለት ተማሪዎች አይሸከሙትም።

በፊደላችን ስም ለሚያወጣ ሰው ደግሞ የተለየ ጣጣ አለ። ፕሮግራማችንን «ፀሐይ» ብንለው፣ የመጀመሪያው ፊደል በፀሐዩ ፀ ወይም በጸሎቱ ጸ ሊጻፍ ይችላል። ሁለተኛው በሃሌታው፣ በሐመሩ ወይም በብዙኃኑ፣ እያንዳንዱም በግእዝ ወይም በራብዕ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ስድስት ምርጫ ነው። ሁለት ጊዜ ስድስት፣ አሥራ ሁለት አጻጻፍ! ለጆሮ አንድ የሆኑት እነዚህ ቃላት ለኮምፒዩተር አሥራ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ጸ ቁጥሩ 4920፣ ፀ ደግሞ 4928 ነውና። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት እንደ አንድ የማይቆጥር የመፈለጊያ ፕሮግራም ከአሥራ ሁለቱ የሚያገኘው አንዱን ብቻ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ እያንዳንዱ ሰው እንደመሰለው ነው። «ደመራ» ከዚህ ችግር ነጻ ነው፤ የሚጋራው ድምፅ ያለው ፊደል የለበትም። ግን የሚፈልገው ሰው የመስቀልን በዓል እንጂ ፕሮግራሙን አያገኝም። ሁለት ቃላትን አጣምሮ አዲስ ቃል መፍጠር ከሁለቱም ያድናል፤ በስልክ ተነግሮ ሰሚው ሳይሳሳት ከጻፈው ደግሞ ስሙ ፈተናውን አልፏል።

የስሙ ባለቤት ማን እንደሚሆን አስቀድሞ መነጋገርም ያስፈልጋል። ጄራልድ ኮምብስ በ1998 ያወጣው፣ በኔትወርክ ላይ የሚያልፈውን መረጃ የሚመረምረው «ኢቴሪያል» ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነበር። በ2006 ኮምብስ መሥሪያ ቤት ሲቀይር ኮዱን ይዞ ሄደ፤ የስሙ መብት ግን በቀድሞ አሠሪው እጅ ቀረ። ያው ፕሮግራም ዛሬም «ዋየርሻርክ» ተብሎ ይሠራል።