ሃያ ሦስት ሳንቲ ሜትር ስንት ያወጣል?
ምቹ አውቶሞቢል በመጠነኛ በጀት

በአዲስ አበባ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ትመቻለች ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ነገ ስትሸጥ ስንት ታወጣለች?» ብሎ ነው። ደላላውም ይህንኑ ስለሚያውቅ ስለ ኋላ ወንበር ስፋት አያወራም። ሞዴሏን፣ የታርጋዋን ፊደልና «ሞተሯ አልወረደም» የምትለዋን ቃል ደርድሮ ዋጋ ይጠራል። ገዢው ቀብድ ይከፍላል፤ ስም ይዛወርለታል። ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ቢሾፍቱ ብቅ ባለ በመጀመሪያው እሑድ ግን ኋላ የተቀመጡት አዋቂዎች ጉልበታቸው ከፊት ወንበር ጋር እየተላተመ፣ ማዳበሪያ ጭና የምትወጣ ይመስል ሞተሯ እያቃሰተ ዳገቱን ይገፋል። ሚሊዮን ብር ተሻግሮ የተገዛው ነገር ምን እንደሆነ የሚጠየቀው ያኔ ነው።

ለብዙ የከተማ ቤተሰብ መኪና ከቤት ቀጥሎ ትልቁ ሀብት ነው። ለነጋዴውም ብር ሲረክስ ገንዘብ የሚያስቀምጥባት ባለ አራት ጎማ ካዝና ሆናለች። በመጠነኛ በጀት ምቹ አውቶሞቢል የሚሻ ሰው እንግዲህ የሚፎካከረው መኪና ከሚፈልጉ ሰዎች ጋር ብቻ ሳይሆን ካዝና ከሚፈልጉትም ጋር ነው። በዚህ ፉክክር ላለመጎዳት ያለው ብልሃት ካዝና ፈላጊዎቹ ዋጋ የማይሰጡትን ነገር ለይቶ ማወቅ ነው። ያም ነገር ምቾት ነው።

ጠባቧ መኪና ከየት መጣች?

የከተማይቱ መንገድ በትናንሽ መኪኖች የተሞላው ሕዝቡ ትንሽ መኪና ስለወደደ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 የሞተር መጠናቸው እስከ 1,300 ሲሲ በሆኑ አውቶሞቢሎች ላይ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ ባሉት ላይ 60 በመቶ፣ ከ1,800 በላይ በሆኑት ላይ 100 በመቶ ጣለ። ኤክሳይዙ የሚሰላው ጉምሩኩ ከተደመረ በኋላ ሲሆን፣ በላዩ ደግሞ ተጨማሪ እሴት ታክስና ሱር ታክስ ይመጣበታል። በመሆኑም የአንዲት መቶ ሲሲ ልዩነት አስመጪውን ብዙ ገንዘብ ታስከፍለው ነበር። አስመጪውም ሒሳቡን ሠርቶ ከ1,300 በታች ወደሆኑት ወደ ቪትዝ፣ ፕላትዝና ያሪስ ዞረ። ከተማው ቪትዝን የመረጠ ይመስላል እንጂ የመረጠለት የታክስ ሠንጠረዥ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ አቅጣጫውን ለወጠ። አነስተኛ ሞተር ላላት አዲስ መኪና 5 በመቶ ብቻ ሲጠይቅ፣ ያገለገሉትን ግን እንደ ዕድሜያቸው እያናረ እስከ 500 በመቶ አደረሰው። በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሆነ።

የእነዚህ ውሳኔዎች ድምር ያገለገለ የቤንዚን መኪና ገበያውን ዘጋው። በር ላይ የሚገባ ስለሌለ ግቢው ውስጥ ያሉት እየተቀባበሉ ይሸጣሉ። በሌላው ዓለም መኪና ባረጀች ቁጥር ዋጋዋ ይወርዳል፤ እዚህ ሃያ ዓመት ያለፋት መኪና ከተገዛችበት በላይ ስትሸጥ የሚገረም የለም።

ከጎማ እስከ ጎማ

የአንድ አውቶሞቢል የመቀመጫ ስፋት በአብዛኛው የሚወሰነው በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ባለው ርቀት ነው። የፕላትዝ ርቀት 2.37 ሜትር ነው። ከቪትዝ ጋር አንድ ነው፤ ፕላትዝ ማለት ኋላዋ ላይ የዕቃ መጫኛ የተጨመረላት ቪትዝ ናትና። ነገሩ ሊያስገርም ይችላል እንጂ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ከተማውን ስታገለግል የኖረችው ላዳ እንኳ 2.42 ሜትር አላት። ተሳፋሪው ላዳን ሲንቃት ኖሮ ከእሷ ወደ አጠረች መኪና ነው የተሸጋገረው።

ከዚህ ወጥቶ ሲታይ እ.ኤ.አ. ከ2000 መጀመሪያ ዓመታት ወዲህ የተሠራችው ኮሮላ 2.60 ሜትር አላት። ከፕላትዝ ጋር ያላት ልዩነት 23 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ይህም በአንድ ሰው ጉልበትና በፊት ወንበር መካከል ያለው ሰላምና ጦርነት ነው። ከእሷ በፊት የነበረችው ኮሮላ 2.46 ብቻ ስለሆነች «ኮሮላ ኮሮላ ናት» የሚለውን የደላላ አነጋገር ማመን አያዋጣም። እ.ኤ.አ. ከ2005 በኋላ የመጣችው ባለ ኋላ ሻንጣዋ ያሪስ 2.55 ሜትር ናት፤ ባለ 1.3 ሊትር ሞተሯን የያዘች ሰው ኪሱንም ጉልበቱንም አስታርቋል ለማለት ይቻላል።

ሞተሩ ላይም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ተራ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። አንድ ሊትር ሞተር ያላት መኪና እዚህ ስትደርስ የስምንት መቶ ሲሲ ያህል ጉልበት ብቻ ይዛ ትቀራለች ማለት ነው። ብቻውን ለሚነዳ ሰው ይህ ችግር የለውም። አምስት ሰው ጭኖ ወደ ሽሮ ሜዳ ለሚወጣ ግን 1.3 ሊትር ትንሹ ነው፤ 1.5 ከተገኘ ደግሞ የተሻለ። ኋላ የመጡት ባለ አንድ ሊትር ቪትዞች ሞተራቸው ባለ ሦስት ፒስተን በመሆኑ ቆመው ሲሠሩ የሚሰማው መንቀጥቀጥ የተፈጥሮ ነው፤ መካኒክ ዘንድ ቢመላለሱ አይጠፋም።

ያልተወደዱት

ቶዮታ ያልሆነች መኪና በደላሎች ዘንድ የእንጀራ ልጅ ናት። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ2006 በኋላ የተሠራች ሀዩንዳይ አክሰንት 2.50 ሜትር፣ የ2000 መጀመሪያዎቹ ኒሳን ሰኒ 2.53፣ በዚያው ዘመን የነበረች ኤላንትራ ደግሞ 2.61 ሜትር አላቸው። ለኋለኛ ሞዴል ቪትዝ የሚጠየቀውን ገንዘብ ይዞ ከእነዚህ አንዷን፣ ወይም ዕድሜዋ ገፋ ያለ ኮሮላ መደራደር ይቻላል። ሲሸጡ መቆየታቸው እውነት ነው፤ ቪትዝ በአንድ ቀን ስትሸጥ እነሱ ሳምንታት ሊቆሙ ይችላሉ። በስድስት ወር ሸጦ ለማትረፍ የሚገዛ ሰው አይንካቸው። አራትና አምስት ዓመት ሊቀመጥባት የሚገዛ ግን ለማይፈልገው ፈጣን ሽያጭ አስቀድሞ የሚከፍልበት ምክንያት የለም።

የቻይናዎቹ ጉዳይ ይለያል። ሊፋን ሰፋ ብላ፣ ቆዳ ለብሳ በዝቅተኛ ዋጋ ስትቀርብ ዓይን ትስባለች። ነገር ግን «ዓባይ» በሚል ስም ሞጆ ላይ ይገጣጥማት የነበረው ሆላንድ ካር ከገበያ ወጥቷል፤ እናት ኩባንያው ሊፋንም እ.ኤ.አ. በ2020 በኪሳራ መልሶ ማዋቀር ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ከዋጋ ክርክሩ በፊት ሶማሌ ተራ ሄዶ የፊት መብራት፣ የራዲያተርና የፍሬን ዕቃ ዋጋ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለቶዮታ ሦስት ሱቅ ተጠይቆ ሦስቱም ካወጡ፣ ለእሷ ደግሞ «እናስመጣለን» ካሉ መልሱ ተገኝቷል።

እግሯና መሪዋ

ረጅሟም መኪና ብትሆን እግሯ ከሞተ ምቾት የለም። በአዲስ አበባ ጉድጓድና ኮብልስቶን ላይ አሥር ዓመት የኖረች መኪና ሾክ አብዞርበሯና ጎሚኒዎቿ አልቀው ከሆነ የሚሰማው ድምፅ ገዢን ያስደነግጣል። ነጋዴ የሆነ ገዢ ግን መደሰት አለበት። ከሞተርና ከካምቢዮ ጋር ሲነጻጸር ይህ በትንሽ ወጪ የሚታደስ ክፍል ሲሆን፣ ዋጋ ለማስቀነስም የሚመች ምክንያት ነው። መጠንቀቅ የሚገባው ከፍ እንድትል ብረት ተጨምሮባት፣ ከልኳ የሰፋ ጎማ የገባላትን ነው። ቁመናዋ ቢያምርም አነዳዷ ይደርቃል፤ ኩሽኔታም ቶሎ ትበላለች።

ቪትዝና ፕላትዝ በጃፓን ገበያ ስም የሚጠሩ በመሆናቸው አብዛኞቹ ሲሠሩ መሪያቸው በቀኝ ነበር። ኢትዮጵያ ከሰኔ 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ መስመር የምትነዳ አገር በመሆኗ፣ መኪኖቹ ዱባይና አካባቢዋ ባሉ ጋራዦች መሪያቸው ወደ ግራ ዞሮ ይገቡ ነበር። በደንብ የዞረ አለ፤ በችኮላ የዞረም አለ። ዳሽቦርዱ ላይ ክፍተት፣ መሪው ላይ ወደ አንድ ወገን መሳብ፣ የፍሬን ፔዳሉ ላይ ልልነት ከታየ ዋጋ ማስቀነሻ ሳይሆን ትቶ መሄጃ ነው። ከባሕረ ሰላጤ አገሮች የመጡት ያሪስና ኮሮላ ከፋብሪካው በግራ መሪ የተሠሩ ናቸው።

ኮሮላ ላይ ሌላ ነገር አለ። የቀድሞዋ ሞተሯ በቺንጋ የሚዞር ሲሆን በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር አለበት። የኪሎ ሜትር ቆጣሪ በሚቀነስበት ገበያ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ስለማይገኝ ገዢው በራሱ ወጪ ወዲያው መቀየር ይኖርበታል። አዲሷ በካቴና ስለሆነች ይህ ጣጣ የላትም። ይሁንና ከአውሮፓ የመጡት የ2000 መጀመሪያ ዓመታት ባለ 1.4 እና 1.6 ሞተሮች ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። ሞተሯ ሳይሞቅ በጠዋት ማስነሳት፣ ማርሚታዋ ላይ ሰማያዊ ጭስ መፈለግ ነው። ሻጩ «አሁን ነድቻት ነው የመጣሁት» ካለ በማግሥቱ ጠዋት ቤቱ ድረስ መሄድ አይከብድም።

ወረቀቱ

ምቾት ሁሉ የሚያልቀው ሊብሬው ላይ ነው። በዋጋ ረከስ ብላ የተገኘች መኪና ብዙ ጊዜ የምትረክሰው በወረቀቷ ነው። ቀረጥ ሳይከፈልባት የገባች መኪና ቀረጧ ሳይከፈል ስሟ አይዛወርም። የባንክ ዕዳ ያለባትም እገዳው እስኪነሳ ድረስ ለገዢዋ ላም አለኝ በሰማይ ናት። ከሁሉ የሚከፋው በውክልና መግዛት ነው። የስም ማዛወሪያ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ውክልና ብቻ ተቀብሎ መኪናዋን መንዳት በገበያው የተለመደ ቢሆንም፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። ያን ጊዜ የሚቀርቡት ወራሾች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ስለ ሽያጩ የሰሙት ነገር የለም። ሽያጩ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ተፈርሞ፣ ዕዳና እገዳው በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ተጣርቶ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር በዓይን ተመሳክሮ እንጂ ሙሉ ክፍያ መፈጸም አይገባም። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማም ይፈለጋል።

ደላላው ከሻጭም ከገዢም ሁለት ሁለት በመቶ መጠየቁ የተለመደ ነው። ሚሊዮን ብር በሆነ ገበያ ይህ ሃያ ሺሕ ብር ያህል ስለሚሆን አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል። ደላላው መካኒክ ይዞ ከመጣ አመስግኖ ሌላ መካኒክ ማምጣት ነው።

ነዳጁ ሌላ ሒሳብ ነው። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ሲያነሳ የቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም. በሊትር ከመቶ ብር አልፏል። በቀን ብዙ የሚነዳ፣ ግቢም ያለው ሰው ከኤሌክትሪክ መኪና ጋር ማነጻጸሩ ተገቢ ነው። በቀን አሥርና አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ግን የዋጋው ልዩነት በነዳጅ ቁጠባ ተመልሶ እስኪመጣ ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

በጀቱን ሙሉ በሙሉ ለመኪናዋ ዋጋ ማዋልም አይመከርም። ከመቶው አሥሩን አስቀርቶ በመጀመሪያው ወር ዘይት፣ ፍሬን፣ ጎሚኒና አራት ጎማ መቀየር፣ ከዚያ በኋላ ነው የገዟት መኪና ማን እንደሆነች የሚታወቀው። ከሻጩ ጋር ከመለያየት በፊት ሁለት ነገሮች መጠየቅ አለባቸው፤ አንዱ ሁለተኛው ቁልፍ ነው። ሌላው የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ቅጂ ሲሆን፣ መኪናዋ በእርግጥ በየትኛው ዓመት እንደገባችና ቀረጥ እንደተከፈለባት የሚናገረው እሱ ነው።